ስም ይቀራል፣ ሰው ይሄዳል፦ ስለ አራት የአዲስ አበባ ሰፈሮች

"ሰፈር" የምንለው ቃል ከጦር ዘመቻ የመጣ ነው። "ሰፈረ" ማለት ዘማቹ ድንኳኑን ተከለ፣ ጓዙን አራገፈ፣ ለማደር ተሰናዳ ማለት ነው። ነጋሪት ሲጎሰም ደግሞ ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል። እኛ ዛሬ "ሰፈሬ" ስንል ተወልደን ያደግንበትን፣ እድር የገባንበትን፣ ስንሞት የምንሸኝበትን ቦታ ማለታችን ነው። በቃሉ ጥንተ ትርጉምና እኛ ዛሬ በምንሰጠው ትርጉም መካከል ያለው ልዩነት የቋንቋ ተማሪን ብቻ የሚያሳስብ ይመስላል። አይደለም። የአዲስ አበባ ታሪክ ላለፉት 140 ዓመታት ግድም የተጓዘው በእነዚህ በሁለቱ ትርጉሞች መካከል ነው። ነዋሪው "ተተክያለሁ" ሲል፣ መሬቱን የያዘው ክፍል ሁልጊዜ "ሰፍረሃል" ይለዋል።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 መባቻ ደግሞ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ በየሻይ ቤቱ ሁለት ዓይነት ክርክር ሰምተናል። አንዱ ወገን "ኧረ ተገላገልን! መጸዳጃ የሌለው ጭቃ ቤት ነው ታሪክ?" ይላል። ሌላው "ሀብታምና ድኻ ጎን ለጎን የኖረባት ከተማ ጠፋች" እያለ ያዝናል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ዘለው ያልፋሉ። ለመሆኑ ድኻው መሀል ከተማ ላይ የኖረው በምን መብት ነበር? ይህን ሳንመልስ ማዘንም ሆነ መደሰት የትም አያደርሰንም።

እኔ የምለው ባጭሩ ይህ ነው። ድኻው መሀል ከተማ የኖረው መጀመሪያ በጌታው ችሮታ፣ ኋላም በመንግሥት ቸልታ ነው እንጂ በተጻፈ መብት አልነበረም። ችሮታ ይነሣል፤ ቸልታም አንድ ቀን ያበቃል። ይህን ለማሳየት አራት ሰፈሮችን እወስዳለሁ፤ አራዳን፣ ካዛንቺስን፣ ልደታንና ኮዬ ፈጬን።

ወደ አራዳ ከመውረዳችን በፊት ግን ስለ አንድ የውጭ አገር ቃል ጥቂት ልበል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ሩት ግላስ የምትባል ጀርመን የተወለደች የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ስለ ለንደን ስትጽፍ አንድ አዲስ ነገር አስተዋለች። አይዝሊንግተንን በመሳሰሉ ሰፈሮች የሠራተኛው መደብ ይኖርባቸው የነበሩ ያረጁ ቤቶች በመካከለኛው መደብ ይገዛሉ፣ ይታደሳሉ፣ ዋጋቸው ይንራል፤ ነባሩ ነዋሪም አንድ በአንድ ይወጣል። ነገሩን "ጀንትሪፊኬሽን" አለችው። "ጀንትሪ" የእንግሊዝ ባለርስት ጨዋ መደብ ነው፤ በእኛ አገር ባላባትና መኳንንት እንደምንለው ያለ። ቃሉን ወደ አማርኛ እናምጣው ካልን "መኳንንት ማስገባት" ያሰኛል፤ ስላቅም አለበት።

በለንደን ቤቱ ይቀራል፣ ሰዉ ይለወጣል። የሚያስወጣህ ገበያው ነው፤ ማንም በርህን ሳያንኳኳ ኪራዩ ብቻ ይጨምርብሃል። በአዲስ አበባ ግን ሰዉም ይሄዳል፣ ቤቱም ይሄዳል፤ የሚቀረው ስሙ ነው። ሌላም ልዩነት አለ። የለንደን ሰፈሮች ድኻው የኖረባቸውና ባለጸጋው ኋላ የመጣባቸው ናቸው። አዲስ አበባ ግን ከመጀመሪያው በመኳንንት የተቆረቆረች ከተማ ናት። እንግዲህ ከዚያው እንነሣ።

1. አራዳ

እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውኃው አጠገብ ቤት ያሠሩት፣ ቦታውንም "አዲስ አበባ" ያሉት በ1879 ዓ.ም. ነው። ሜዳው ግን ባዶ አልነበረም፤ ስምም ነበረው፣ ፊንፊኔ ይባል ነበር። ጉለሌና ገላን የክፍለ ከተማና የመኖሪያ መንደር ስም ከመሆናቸው በፊት በዚህ አካባቢ የኖሩ የኦሮሞ ጎሣዎች ስም ናቸው። መሬቱ ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ ሲታደል ከነዚህ ሰዎች ከፊሉ ወጣ፣ ከፊሉም ገባር ሆኖ ቀረ። ስለ መፈናቀል የምንጽፍ ሰዎች ታሪኩን ከ2016 ብንጀምረው ጎዶሎ ይሆንብናል፤ ከ1967 ብንጀምረውም እንዲሁ።

አዲሲቱ ከተማ የተቆረቆረችው እንደ ጦር ሰፈር ነው። በኮረብታው ላይ የንጉሡ ግቢ፤ በዙሪያው በየጉብታው የየመኳንንቱ ግቢ፤ በየግቢው አጥር ሥር ደግሞ የወታደሩ፣ የአሽከሩ፣ የእንጀራ ጋጋሪዋ፣ የአንጥረኛው ጎጆ። በአንዱ ሰፈርና በሌላው መካከል ወንዝና ገደል። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሣ ሰፈር፣ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እያልን የምንጠራቸው ቦታዎች ከዚያ የቀሩ ስሞች ናቸው። ሠራተኛ ሰፈርም ስሙን ያገኘው ለቤተ መንግሥቱ ከሚሠሩት የእጅ ሙያተኞች ነው።

"ሀብታምና ድኻ ጎን ለጎን" የምንለው ነገር ሥሩ እዚህ ላይ ነው። እውነት ነው፣ ጎን ለጎን ነበሩ። ግንኙነቱ ግን የጎረቤትነት ሳይሆን የሎሌነት ነው። ጎጆዋ የቆመችው በጌታው መሬት ላይ ነው። ጌታው ቢሻር ወይም ቢቆጣ ጎጆዋ ምን ዋስትና አላት? ምንም። ከተማዋ ራሷም ልትነቀል ጥቂት ቀርቷት ነበር። የአካባቢው ማገዶ ሲያልቅ ምኒልክ ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው ሕንፃ ማሠራት ጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ መጥቶ፣ ፈጥኖ አድጎ ማገዶውን ባይተካ ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ከተማ አይኖርም ነበር።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1907 የወጣው የከተማ መሬት ደንብ ደግሞ መሬት በግል ተይዞ እንዲሸጥና እንዲለወጥ በር ከፈተ። ከዚያ ወዲህ መሬት የንጉሥ ስጦታ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ገንዘብ ሆነ። ጭሰኛውና አሽከሩም ቀስ በቀስ ተከራይ ሆኑ።

አራዳ ራሱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥር የነበረው የትልቁ ገበያ ስም ነው። ነጋድራሱ ቀረጥ የሚቀበልበት፣ አዋጅ የሚነገርበት፣ ወንጀለኛም በዛፍ የሚሰቀልበት አደባባይ ነበር። አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱ፣ ዐረቡ በዙሪያው ሱቅ ከፈቱ። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ያገኘው ይህን ነው። ጣሊያኖቹ ከተማዋን በዘር መክፈል ፈለጉ። ጉዊዲና ቫሌ የተባሉ አርክቴክቶች በነደፉት ፕላን ነጩ ለብቻው፣ አገሬው ለብቻው ተመደበ። የአራዳ ገበያም ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተወሰደ፤ "መርካቶ ኢንዲጄኖ" ተባለ፣ "የአገሬው ገበያ" ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። የተባረርንበት አደባባይ ፒያሳ ተባለ፤ የተወሰድንበት ሜዳ መርካቶ ተባለ፤ ሁለቱንም እስከ ዛሬ በጣሊያንኛ እንጠራቸዋለን፣ እንኮራባቸዋለንም። ጣሊያን በ1933 ሲባረር ገበያው ወደ አራዳ አልተመለሰም። አፍራሹ ይሄዳል፤ ያፈረሰበት አቀማመጥ ግን ለተከታዩ መንግሥት ይመቸዋል። ይህን በሌሎቹም ሰፈሮች እናየዋለን።

ከነጻነት በኋላ ፒያሳ ሁለት ፊት ነበራት። ከአስፋልቱ በኩል ወርቅ ቤት፣ ሲኒማ ቤት፣ ኬክ ቤት፤ ከጓሮው በኩል የጭቃ ቤት በጭቃ ቤት ላይ። የመኳንንቱ ወራሾችና ሌሎች ባለመሬቶች ከገጠር ለሚጎርፈው ሰው እየከፋፈሉ ቤት ሠርተው አከራዩ። ውቤ በረሃ በመሸታ ቤቶቿ ስሟ ወጣ። ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ የመሳሰሉት ስሞችም የጓሮውን ኑሮ ይናገራሉ። "እሪ በከንቱ" የተባለው፣ ሲነገር እንደሚሰማው፣ በሌሊት የተዘረፈ ሰው እሪ ቢል የሚደርስለት ስላልነበረ ነው። ከዶሮ ማነቂያ ወጥቶ ወርቅ ቤቱ በር ላይ ሊስትሮ የሚሠራው ልጅ፣ ኬክ ቤቱ ውስጥ ሳህን የምታጥበው እናት፣ ለመኪና ጥበቃ የሚቆመው ጎረምሳ፣ ሁሉም ወደ ሥራቸው በእግር የሚሄዱ ነበሩ። ይህችን "በእግር" የምትለዋን ቃል አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

2. ከሐምሌ 1967 ወዲህ

ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. "መሬት ላራሹ" ብለው ሰልፍ ወጡ። ያ መፈክር ለገጠሩ ጭሰኛ ነበር። ለከተማው ተከራይ የዚያን ያህል የታወቀ መፈክር አልነበረም። አዋጁ ግን ለሁለቱም በአንድ ዓመት መጣ፤ የገጠሩ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የከተማው ሐምሌ 19 ቀን 1967። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። በዚህ አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚፈቀደው አንድ ቤትና እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ብቻ ሆነ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ትርፍ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ኪራይ ተቀነሰ፤ ብዙ የተቀነሰለትም ዝቅተኛ ኪራይ ከፋዩ ነው።

ይህን አዋጅ እንደ ተራ ወረቀት የሚያየው ሰው በጌታ ቤት ተከራይቶ የኖረን ሰው ይጠይቅ። ለብዙ ሺህ ቤተሰብ "ነገ ውጣ" የሚል ሰው ከራስ ላይ የተነሣበት ቀን ነው። ሆኖም የአዋጁን ሌላ ገጽ ማየት አለብን። ተከራዩ ባለቤት አልሆነም። ጌታው ተለወጠ እንጂ ተከራይነቱ አልቀረም። ቤቱን መሸጥ፣ ማውረስ፣ አፍርሶ መሥራት አይችልም። ለማደስ እንኳ ፈቃድ ይፈልጋል። ቀበሌውም በወር ጥቂት ብር እየሰበሰበ በዚያ ጭቃ ቤት ሊመርግ፣ ጣራ ሊቀይር አልቻለም። ቤቱ እያዘመመ፣ ቤተሰቡ እየበዛ ሄደ። ሰዉም በዘዴ ኖረ፤ ውስጡን በቆጥ ከፈለ፣ ጓሮውን በቆርቆሮ ቀጠለ፣ አንዷን ክፍል ለሌላ ድኻ አከራየ።

ስለዚህ መሀል አዲስ አበባ ለበርካታ ዓመታት የድኻ መኖሪያ ሆና የቆየችው በማን አሳቢነት ነው? በማንም። የመሬት ገበያ ስለተዘጋ ማንም ድኻውን ገፍቶ ቦታውን ለመግዛት አልቻለም፤ መንግሥትም ለማደስም ሆነ ለማፍረስ አቅም አልነበረውም። "ተቀላቅሎ መኖር" የምንለው ነገር የዳነው በመዘንጋት ነው። ሌላው ቀርቶ ቀበሌ ራሱ ወረዳ ከተባለ በኋላ "የቀበሌ ቤት" የሚለው ስም አልተነካም።

3. ካዛንቺስ

ካዛንቺስም በስሙ ጣሊያን ነው። "ካዛ" ቤት ነው፤ "ኢንቺስ" ደግሞ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም ምህጻረ ስም ነው። ፖፖላሬም እንዲሁ "የሕዝብ ቤቶች" ከሚለው የጣሊያን አጠራር የቀረ ነው፤ ሕዝቡ ግን የጣሊያን ሕዝብ ነበር። የቅኝ ገዢ ጸሐፊ እንዲኖርበት የተሠራው ሰፈር ከ1933 በኋላ የእኛ ሆነ፤ ጭቃ ቤቶች በቪላዎቹ መካከልና ጓሮ በቀሉ። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ሲመረቅ፣ ካዛንቺስ የዲፕሎማት ጎረቤት ሆነች። ሆቴሉ፣ ቡና ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ምሳ አመላላሿ ሁሉ በዚህ ላይ ቆመ።

ከዚያ የሊዝ ዘመን መጣ። አዋጅ ቁጥር 80/1986 የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ ደነገገ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና፤ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ሊዙን አጠበቀው። እንግዲህ አሠራሩን በቀላል ቋንቋ እናስረዳ። መሬቱ የመንግሥት ነው። መንግሥት ለልማት ሲፈልገው ባለ ይዞታውን ያስነሣል፤ ካሣ የሚከፍለው በመሬቱ ላይ ለቆመው ቤት እንጂ ለመሬቱ አይደለም። ከዚያ ያንኑ መሬት በሊዝ ለአልሚ ይሰጣል። መሀል ከተማ ላይ ደግሞ ዋጋ ያለው መሬቱ ነው እንጂ ጭቃ ቤቱ አይደለም። በነዋሪው እጅ ሲሆን ዋጋ የሌለው፣ ከእጁ ሲወጣ ወርቅ የሚሆን ነገር ማለት ይህ ነው።

የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ቤቱም የእሱ አይደለምና የቤት ካሣ የለውም። የሚሰጠው ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ቅድሚያ ነው። በሐምሌ 1967 ያልተጻፈው ነገር ዕዳው የወረደው እዚህ ላይ ነው። ያን ጊዜ ለተከራዩ "በዚህ ሰፈር የመኖር መብት አለህ" የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ተጽፎለት ቢሆን ኖሮ፣ ከ40ና ከ50 ዓመት በኋላ የሚከራከርበት ሰነድ ይኖረው ነበር። ያለው የኪራይ ደረሰኝ ብቻ ነው።

ከካዛንቺስ ጥቂት ፈቅ ብሎ፣ በፍልውኃ በላይ፣ ሸራተን አዲስ በ1990 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በዙሪያው የነበሩ ደሳሳ መንደሮችም ተነሡ። ቁርጡ ቀን ለካዛንቺስ ራሷ የመጣው ግን በ2017 መስከረም ላይ ነው። በአጭር ጊዜ ማስጠንቀቂያ ሰፈሩ ፈረሰ፤ ብዙዎቹ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራ ተወሰዱ። አዲሱ ቤት ውኃና መጸዳጃ ያለው መሆኑ አይካድም። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል፣ መብራቱ ያምራል። ይህን የማይል ሰው ዐይኑን ጨፍኗል። ነገር ግን በካዛንቺስ ለሆቴል ልብስ የምታጥብ ሴት ከገላን ጉራ በእግር አትመጣም። አሁን ትራንስፖርት አለ፤ የትራንስፖርቱ ሒሳብ ግን ከደመወዟ ነው የሚነሣው። ድኻ መሀል ከተማ ላይ የሚኖረው ጭቃ ቤት ወዶ አይደለም። እንጀራው በእግር የሚደረስበት ስለሆነ ነው።

4. ልደታ

"ታዲያ ምን ይደረግ? ጭቃ ቤቱ ለዘለዓለም ይቁም?" የሚል ይኖራል። ልደታን የማነሣው ለዚህ መልስ ስለሚሆን ነው።

የኮንዶሚኒየም ቤቶች ግንባታ በአዲስ አበባ በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. ግድም ነው የተጀመረው። አብዛኞቹ ሳይቶች ከዳር ናቸው፤ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ። ልደታ ግን ከመሀል ከተማ ሰፋፊ መልሶ ማልማት ከተካሄደባቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ልደታ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ያለው የጭቃ መንደር ፈርሶ፣ በዚያው ቦታ ላይ ኮንዶሚኒየም ተሠራ። የፎቅ ቤት በፈረሰው ሰፈር ላይ መሥራት፣ ነባሩንም ነዋሪ እዚያው መመለስ የሚቻል ነገር መሆኑ እዚህ ታየ። ከባቡሩ ጣቢያ፣ ከፍርድ ቤቱ፣ ከመርካቶ ሳይርቅ ማለት ነው።

የተቻለው ግን ለሁሉም አልነበረም። የ20/80 ቤት ቅድሚያ 20 በመቶ ይጠይቃል፤ ቀሪው 80 በመቶ የባንክ ብድር ነው። በወር ጥቂት ብር ኪራይ ሲከፍል የኖረ ጡረተኛ ቅድሚያውን ከየት ያምጣ? ያልቻለው ምትክ የቀበሌ ቤት ይዞ ሌላ ሰፈር ሄደ። ብሎኩ በዕጣ ስለሚደርስ ጎረቤት ከጎረቤት ይለያያል። ዕጣ የወጣለትም ቢሆን ዕዳውን ለመክፈል ቤቱን ለሌላ አከራይቶ፣ ራሱ ርካሽ ቤት ፍለጋ ዳር የሚወጣ ብዙ ነው። "መኳንንት ማስገባት" ያልነው ነገር በለንደኑ መልኩ የገባው በዚህ በር ነው። ማንም አላስወጣውም፤ ኪራዩ አስወጣው።

ሌላው የኑሮው ዘዴ ነው። በጭቃ ቤት ጠላ ይጠመቃል፣ በእንጨት እንጀራ ይጋገራል፣ በር ላይ ጉልት ይዘረጋል። አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ይዘረጋል? እድሩም አለ። እድር ማለት ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ብረት ድስት፣ ሳህን፣ ጡሩምባ ነፊና አንድ መዝገብ ነው። ከሁሉም በላይ ግን በአንድ ጡሩምባ ድምፅ የሚሰበሰብ ሰው ነው። አባላቱ አምስት ሳይት ላይ ሲበተኑ ድንኳኑ ይቀራል፣ ጡሩምባው ግን ለማን ይነፋል? እውነቱን ለመናገር በየኮንዶሚኒየሙ አዲስ እድር እየተቋቋመ ነው፤ ሰዉ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ያው የ30 ዓመት መዋጮ ግን አብሮ አይዛወርም።

5. ኮዬ ፈጬ

ከመሀል የተነሣው ሰው የሚደርሰው የት ነው? ዳር። ዳር ደግሞ ምን ነበረ? እርሻ። ኮዬ ፈጬ ዛሬ የፎቅ ጫካ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ጤፍና ስንዴ የሚያበቅል የኦሮሞ ገበሬ ማሳ ነበር። ገበሬው ሲነሣ የካሣው ሒሳብ የሚታሰበው እንደ ከተማው በንብረቱና በምርቱ ነው፤ መሬቱ እንደተለመደው ዋጋ የለውም። ካሣውን በልቶ ሲጨርስ በገዛ ማሳው ላይ ለሚሠራው ፎቅ የጥበቃ ወይም የቀን ሠራተኛ ይሆናል። የአዲስ አበባን ፕላን ወደ ዙሪያው የኦሮሚያ መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ያስነሣው ተቃውሞ ብዙ ሕይወት ካለፈበት በኋላ በጥር 2008 ፕላኑ ተሰረዘ። የኮዬ ፈጬ ቤቶች በ2011 ለዕድለኞች ሊተላለፉ ሲባልም በኦሮሚያ ከተሞች ሰልፍ ወጥቷል።

እዚህ ላይ ሁለት ተበዳዮች ፊት ለፊት ቆሙ። አንዱ በ1997 ወይም በ2005 ተመዝግቦ፣ ከዕለት ጉርሱ ቆጥቦ፣ ቤቴ ደረሰልኝ ያለ የከተማ ተከራይ ነው። ሌላው የአባቱን ማሳ ያጣ ገበሬ ነው። እርስ በርሳቸው ሲተያዩ መሬቱን ያከፋፈለው ሦስተኛ ወገን ከመካከላቸው የለም።

ተገፊው ሳያስበው ገፊ የሚሆንበት ነገር በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን ወገኖቻችን በአዳምስ ሞርጋን ሬስቶራንትና ሱቅ ከፍተው፣ ኪራዩ ሲንር ወደ 9ኛው መንገድና ወደ ዩ ስትሪት ተዛወሩ። ያ ሰፈር የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃና የንግድ እምብርት የነበረ፣ እ.አ.አ. በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በተነሣው ሁከት የተቃጠለ፣ ለዓመታትም የተተወ ነው። ኢትዮጵያውያኑ አነቃቁት። በ2005 እ.አ.አ. ቦታው "ትንሿ ኢትዮጵያ" ይባል የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ግን ከነባሮቹ ጥቁር ነዋሪዎች "የእኛ ታሪክስ?" የሚል ተቃውሞ ተነሣ። ብዙ ሳይቆይ ኪራዩ እንደገና ናረና ከራሳቸው ከኢትዮጵያውያኑ መካከል ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድርያ ወጡ። የሐበሻው ነጋዴ በአንድ ትውልድ ሦስት ጊዜ ሰፈረ ማለት ነው።

6. እንግዲህ ምን እንበል?

ያየናቸውን ዘመናት እንደርድራቸው። በምኒልክ ዘመን መሬት በስጦታ ተያዘ፤ በጣሊያን ዘመን በዘር ተከፈለ፤ በደርግ ዘመን በአዋጅ ተወረሰ፤ ከ1986 ወዲህ በሊዝ ተሸጠ። ሥርዐቶቹ በሌላ ነገር ሁሉ ጠላቶች ናቸው። በአንድ ነገር ግን ተመሳሰሉ። በመሬቱ ላይ የሚኖረውን ሰው እንደ ሰፋሪ ቆጠሩት። ስለዚህ "የድሮዋ አዲስ አበባ" እያልን የምናለቅስላት የመቀላቀል ከተማ በእርግጥ ነበረች፤ ነገር ግን በሎሌነት ተፈጥራ በመዘንጋት የዳነች ስለሆነች፣ ለማፍረስ አንድ ቡልዶዘርና አንድ ሳምንት በቃት።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ጭቃ ቤቱን ጠብቁ የሚል አይደለም። ጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን አይልም። የሚወጣው ትምህርት የመቆየት መብት በጽሑፍ ይስፈር የሚል ነው። ይኸውም ሰፈር ሲለማ ነባሩ ነዋሪ፣ ተከራይም ቢሆን፣ በዚያው ሰፈር በአቅሙ ኪራይ የሚመለስበት ቤት እንዲሠራለት፤ የገበሬውም መሬት እንደ መሬት ዋጋ እንዲታሰብለት። ልደታ በከፊል እንዳሳየችው ፎቅና ነባር ነዋሪ በአንድ ቦታ ሊኖሩ ይችላሉ። የሚጎድለው ሲሚንቶ አይደለም።

እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች አዋጅ አናወጣም። አንድ ነገር ግን በእጃችን ነው። ከተማው ለመንገድና ለሕንፃ ካርታ አለው። በየጓሮው ለነበሩት መተላለፊያዎች፣ ለየሰፈሩ ቅጽል ስም፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደኖረ የሚናገር ካርታ ግን የለም። ይህ ያለው በእናቶቻችን አፍና በእድር መዝገብ ውስጥ ነው። የእድር መዝገብ ላይ የአባል ስም፣ የገባበት ቀን፣ የወር መዋጮው፣ ማን በየትኛው ቀን እንደሞተ ተጽፏል። ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ መዝገቡ በአንድ ጸሐፊ አልጋ ሥር ይገኛል፤ ጸሐፊውም አርጅቷል። ለክረምቱ ዕረፍት ወደ ቤታችን ስንመለስ እያንዳንዳችን አንድ የእድር መዝገብ አንብበን፣ ገልብጠን፣ የአካባቢውን መተላለፊያ በእርሳስ ነድፈን ብንመጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚህ መጽሔት ላይ የምናወጣው የለቅሶ ጽሑፍ አይሆንም። የነዋሪውን ስም በቤት ቁጥሩ ይዞ የሚያቀርብ ማስረጃ ይሆናል። "እዚህ ማን ነበር?" ተብሎ ሲጠየቅ የሚቀርብ ወረቀት ይኑረን።